«ከዚህ ወዴት ነው የሚኬደው?» ልጆች እንዴት ጎዳና ይወጣሉ፣ ለምንስ መመለስ ያቅታቸዋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ዘመዴን ለመቀበል አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። አመሻሽ ላይ ነው። አውቶቡሱ ዘግይቷል። አጥሩ ጥግ ቆሜ ስጠብቅ አንድ ልጅ ጠጋ አለኝ። ቢበዛ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። አረንጓዴ የተማሪ ሹራብ ለብሷል፤ ክርኑ ላይ ተተርትሯል። እግሩ ላይ የፕላስቲክ ጫማ፣ ብብቱ ሥር ፌስታል። በፌስታሉ ውስጥ ሁለት ደብተርና የተጠቀለለ ነጠላ ይታያል።

«ጋሼ፣ ከዚህ ወዴት ነው የሚኬደው?» አለኝ።

«ወዴት መሄድ ፈልገህ ነው?»

«ሥራ ያለበት።»

በእጄ ወደ መርካቶ መሃል አመለከትኩት። «እዚያ ጠይቅ» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ዘመዴ መጣ፤ ዕቃውን ተሸክመን ታክሲ ያዝን። ልጁ ትዝ ያለኝ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ወዲህ ከጎዳና ልጆች ጋር የሚሠሩ ሰዎችን ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። ልጆቹንም እጠይቃለሁ። የተረዳሁትን አንድ ነገር ላካፍላችሁ። የጎዳና ልጅ ሲባል አብዛኞቻችን ፊት ላይ የሚመጣው መልክ አንድ ነው፤ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ማስቲሽ ያለበት የሃይላንድ ጠርሙስ አፍንጫው ሥር የለጠፈ ልጅ። እሱ ግን ብዙ ወራትን፣ ምናልባትም ዓመታትን ጎዳና ላይ ያሳለፈ ልጅ ነው። መጀመሪያ ላይ እሱም እንደዚያ ባለ ሹራቡ ልጅ ነበር። ልጅን ወደ ቤቱ ለመመለስ ቀላሉ ጊዜ ደግሞ ያ መጀመሪያ ነው። ቀናት እንጂ ወራት አይደለም። እኛ ልጁን የምናየው ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

ማን ነው የጎዳና ልጅ?

ቃሉ ራሱ ያደናግራል። «ጎዳና ተዳዳሪ» ስንል ኑሮውን ጎዳና ላይ ያደረገ ማለታችን ነው። «በረንዳ አዳሪ» ስንል ደግሞ ሌሊቱን ውጭ የሚያሳልፍ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሊስትሮ ይዞ የሚዞር፣ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጥ፣ የሰው መመዘኛ ሚዛን ዘርግቶ አስፋልት ዳር የሚቀመጥ ልጅ ቀኑን ሙሉ ጎዳና ላይ ነው። ማታ ግን ብዙዎቹ ወደ ሆነ ቤት ይገባሉ። እናት ጋ፣ አክስት ጋ፣ ወይም ከአገር ልጆች ጋር በጋራ ወደተከራዩት አንድ ክፍል። ሌላው ልጅ ግን ማታም እዚያው ነው። ካርቶን አንጥፎ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ገብቶ፣ የሱቅ በረንዳ ላይ ያድራል። ሦስተኛም አለ። ከነእናቱ፣ አንዳንዴ ከነአያቱ ላስቲክ ወጥረው የሚኖሩ። ከእነዚህ ውስጥ ጎዳና ላይ የተወለዱ አሉ። ለእነሱ «ወደ ቤትህ ተመለስ» የሚባል ነገር የለም፤ ቤታቸው ያ ላስቲክ ነው።

ልዩነቱን ማወቅ ለምን አስፈለገ? አንደኛ፣ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ የተለያየ ነው። ሊስትሮው የሚፈልገው ከሥራው ጋር የሚሄድ ትምህርት ሊሆን ይችላል። በረንዳ የሚያድረው ዛሬ ማታ የሚተኛበት ይፈልጋል። የላስቲክ ቤቱ ልጅ እናቱ ሥራና ቤት ካላገኘች እሱ ብቻውን የትም አይደርስም።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ የሚምታታው በዚህ ምክንያት ነው። ለብዙ ዓመታት ሲጠቀሱ የኖሩ ሁለት ግምቶች አሉ። በመንግሥት በኩል በመላ አገሪቱ 150 ሺህ ያህል የጎዳና ልጆች አሉ፣ ከነዚህም 60 ሺህ ያህሉ አዲስ አበባ ናቸው ይባል ነበር። የዩኒሴፍ ነው ተብሎ የሚጠቀሰው ግምት ደግሞ እስከ 600 ሺህ ይደርሳል፤ አዲስ አበባ ብቻ ከ100 ሺህ በላይ። አራት እጥፍ ልዩነት ነው። ቀን የሚሠራውን ከማታ አዳሪው ጋር ደምሮ የሚቆጥርና ለይቶ የሚቆጥር አንድ ቁጥር ላይ ሊገናኙ አይችሉም። ደግሞም እነዚህ ልጆች ይንቀሳቀሳሉ። ዛሬ ፒያሳ ያደረ ነገ ሜክሲኮ ነው። ክረምት ሲገባ ቦታ ይቀይራል፤ ሐዋሳ ወይም አዳማ ሊሄድ ይችላል። ቤት ለቤት የሚደረግ ቆጠራ ቤት የሌለውን ልጅ አያገኘውም።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 አጠቃላይ ማብራሪያ ቁጥር 21 የተባለውን ሰነድ ሲያወጣ «የጎዳና ልጆች» የሚለውን ስያሜ ትቶ «በጎዳና ሁኔታ ውስጥ ያሉ ልጆች» ብሎ ጠራቸው። አጠራሩ ለአፍ አይመችም፤ እኔም ስጽፍ እንደለመድኩት «የጎዳና ልጅ» እላለሁ። ሐሳቡ ግን ልክ ነው። ጎዳና ልጁ ያለበት ሁኔታ ነው። ማንነቱ አይደለም።

ከቤት የሚያስወጣው ምንድን ነው?

«ለምን ከቤት ወጣህ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ልጁ በአንድ ቃል ይመልሳል። «ድህነት።» ወይም «ሥራ ፍለጋ።» ትንሽ አብራችሁ ከተቀመጣችሁ ግን ሌላ ይወጣል። እናት ሞታለች፤ አባት ሌላ አግብቷል። የእንጀራ አባት ይደበድባል። በሬ ጠፋበትና ፈርቶ ቤት አልገባም። ፈተና ወደቀ። ድህነቱ እውነት ነው፤ ግን ድሃ ቤተሰብ ሁሉ ልጁን አያጣም። ብዙ ጊዜ ድህነቱ ላይ ሌላ ነገር ሲደረብ ነው ልጁ የሚወጣው።

መሬቱም አለ። በወላይታ፣ በጋሞ፣ በሀዲያ፣ በጉራጌ አካባቢዎች ሕዝቡ ጥቅጥቅ ያለ ነው። አባት የወረሰውን ጥቂት መሬት ለአምስት ልጅ ሊያካፍል አይችልም። ልጁም ይህን ገና በልጅነቱ ያውቃል። በሰሜኑም ቢሆን ከጎጃምና ከወሎ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ልጅ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ ተጨመረ። እንደ አውሮፓውያኑ በ2021 ብቻ በኢትዮጵያ 5.1 ሚሊዮን የመፈናቀል ክስተት ተመዝግቧል፤ በዚያ ዓመት በዓለም ከፍተኛው ነበር። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት፣ ቤተሰቡ የተበተነበት ልጅ መንገድ ይጀምራል።

ልብ የማንለው አንድ ምክንያት ግን አለ። በዓል። አዲስ አበባ ሄዶ ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ ለመስቀል አገሩ ይገባል። አዲስ ጂንስ ለብሶ፣ ለእናቱ ሻሽ፣ ለአባቱ ጫማ ይዞ። የት እንደሚያድር አይናገርም። ማንስ ይናገራል? የሰፈር ልጆች የሚያዩት ጂንሱን ነው። በዓሉ አልፎ ሲመለስ ታናናሾቹ ይከተሉታል። ያገኘኋቸው ልጆች ብዙዎቹ «ከጓደኛዬ ጋር ነው የመጣሁት» ይላሉ። መቼ ስላቸው «ከመስቀል በኋላ።»

ደላላም አለ። ከጋሞ አካባቢ ልጆችን «ሽመና ይማራል፣ ትምህርት ቤትም ይገባል» ብሎ ከወላጅ የሚቀበል ሰው አለ። ልጁ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ አካባቢ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ከጠዋት እስከ ማታ ይሸምናል። ትምህርቱ የለም። አንድ ቀን ያመልጣል፤ አምልጦ የሚሄድበት ግን ጎዳና ብቻ ነው።

የሴቶቹ መንገድ ሌላ ነው። በ2016 እንደ አውሮፓውያኑ የወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች 40 በመቶው ከ18 ዓመታቸው በፊት ትዳር ውስጥ እንደገቡ ያሳያል። የቤተሰብ ሕጉ ግን 18 ይላል። ከዚህ ትዳር የምትሸሽ ልጅ ከተማ ገብታ ቤት ሠራተኛ ትሆናለች። የሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። የቤት ሠራተኛን ግን ከአዋጁ ውጭ አድርጎ ለብቻው በደንብ እንዲታይ ትቶታል። ስለዚህ ያቺ ልጅ ደመወዟን ብትከለከል፣ ብትደበደብ፣ በሌሊት ብትባረር የሚጠይቅላት የለም። በር ተዘግቶባት አስፋልት ላይ ስትቆም ቀድሞ የሚደርስላት ደላላ ነው። ጎዳና ላይ ሴት ልጆችን እምብዛም የማናየው ስለሌሉ አይደለም። ቶሎ ስለሚወሰዱ ነው። ወደ ሌላ ሰው ጓዳ፣ ወደ መጠጥ ቤት፣ ወደ ሴተኛ አዳሪነት። የቀሩት ፀጉራቸውን ተቆርጠው፣ የወንድ ልብስ ለብሰው፣ ወንዶቹ መሃል ተደብቀው ያድራሉ።

እዚህ ላይ ሁሌ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ልጅ ከቤቱ ወጥቶ፣ ለምኖ በልቶ ማደግ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪውን አስቡት። በሰባትና በስምንት ዓመቱ ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቆሞ ለምኖ፣ ውሻ እየተከላከለ ነው የሚማረው። ይርበዋል፣ ይበርደዋል። ማታ ግን የሚገባበት ጎጆ አለችው። ከምንም በላይ የኔታ አሉ። «ትናንት የት አደርክ?» ብለው የሚቆጡ። ሲታመም ጓደኞቹ ተሸክመው ይወስዱታል። ሕይወቱ ቀላል ነበር ለማለት አይደለም። ብቻ ልጅ ከቤት ሲወጣ የሚቀበለው ሥርዓት ነበረ። በረንዳ የሚያድረው ልጅ ያጣው ጣሪያ ብቻ አይደለም። የኔታም የሉትም። እርስ በርሳችን ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ?» እንባባላለን። እሱን ማን ይጠይቀዋል?

ከመጀመሪያው ሌሊት በኋላ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ቀን ፀሐይዋ ታታልላለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለው ብርድ ግን አጥንት ይሰብራል። ከቆላ የመጣ ልጅ እንዲህ ያለ ብርድ አይቶ አያውቅም።

ልጆቹ የሚነግሯችሁ ታሪክ ይመሳሰላል። በመጀመሪያው ሌሊት አይተኙም። ያለቻቸው ጥቂት ብር ትሰረቃለች፤ ብዙ ጊዜ ጫማቸውም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከፍ ያለ ልጅ ይጠጋቸዋል። «ከየት ነህ?» ይላል። የአገሩ ልጅ ከሆነ ደስ ይለዋል። የሚተኛበትን ያሳየዋል። ቡሌ የት እንደሚገኝ ያሳየዋል። ቡሌ ማለት ከሆቴል የሚወጣ ትራፊ ምግብ ነው፤ በነፃ ቢገኝ ጥሩ፣ ካልሆነም በፌስታል ተሞልቶ ይሸጣል። እንዴት እንደሚሸቀል ያስተምረዋል፤ ዕቃ መሸከም፣ ታክሲ መጥራት፣ መኪና መጠበቅ። ልጁ ጀለስ አገኘ። ቤተሰብ አገኘ ማለት ይቻላል። ይህን መናቅ አይገባም። ታምሞ ሲተኛ ዳቦ የሚያመጡለት፣ ሌሊት ተራ ይዘው የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ዋጋ ግን አለው። ያገኘውን ያካፍላል፤ ትልቁ ልጅ ያዘዘውን ያደርጋል። አንዳንዴ ትዕዛዙ ስርቆት ነው። አንዳንዴ ከስርቆትም የከፋ፣ ልጁ ለማንም የማይናገረው ነገር ይደርስበታል።

ከዚያ ማስቲሹ ይመጣል። ጫማ ሰፊ የሚጠቀምበት ሙጫ ነው። ውስጡ ያለው ኬሚካል ሲተን ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ አንጎል ይገባል። ረሃቡ ይጠፋል። ብርዱ ይጠፋል። ፍርሃቱም። በጊዜ ብዛት አንጎልን ይጎዳል፣ ሳንባን ይጎዳል፣ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። «ይህ እንደሚገድልህ አታውቅም?» ብዬ አንዱን ጠይቄው ነበር። «ጋሼ፣ ብርድ ልብስ ይሰጡኛል?» አለኝ። እያላገጠ አልነበረም። ማስቲሹ ለእሱ ብርድ ልብስ ነው። ነጥቆ መምታት ምንም የማይፈይደው ለዚህ ነው።

እነዚህ ወራት ሲያልፉ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ይረዝማል። ርቀቱ ያው ነው፤ የሚረዝመው ሐፍረቱ ነው። ለሥራ ብሎ የወጣ ልጅ ባዶ እጁን እንዴት ይመለስ? የሰፈሩ ሰው ምን ይላል? እናቱ ስታየው ጠባሳውን ምን ብሎ ያስረዳታል? «ትንሽ ላጠራቅምና እሄዳለሁ» ይላል። ማጠራቀም ደግሞ አይችልም። ባንክ ደብተር ለማውጣት መታወቂያ የለውም። ብሩን የሚያምነው ባለ ሱቅ ጋ ያስቀምጣል። ባለ ሱቁ ደግ ከሆነ ይተርፍለታል። እጁ ላይ ካቆየው ሌሊት ይወሰድበታል። ስለዚህ ያገኘውን በዕለቱ ይጨርሰዋል፤ እኛ ደግሞ ይህን አይተን «ገንዘብ አያያዝ አያውቁም» እንላለን።

አሥራ ስምንት ሲሞላ

ስለ ሕፃናት ሲወራ የሚረሱት ወጣቶቹ ናቸው። ልጁ 18 ሲሞላው ለሕፃናት የተዘጋጀው ማቆያም፣ የእርዳታ ድርጅቱ ፕሮግራምም ይዘጋበታል። የሰው ዓይንም ይቀየራል። ትናንት «አይዞህ ማሙሽ» ያለችው ሴት ዛሬ ቦርሳዋን ታጠብቃለች። ያው ልጅ ነው እኮ።

መታወቂያው ትልቅ ጉዳይ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ ያስፈልጋል። ከክፍለ ሀገር ለመጣ ደግሞ መሸኛ ይጠየቃል። መሸኛ የሚጽፈው የትውልድ ቀበሌው ነው። በአሥር ዓመቱ የወጣ ልጅ እዚያ ማን ያውቀዋል? የልደት ምስክር ወረቀትም የለውም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ የተደረገው፣ ቀደም ሲል የጠቀስኩት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት (እንደ አውሮፓውያኑ የ2016) ልደታቸው የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት 3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። ዛሬ ጎዳና ላይ ያሉት ወጣቶች ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። መታወቂያ ከሌለ መደበኛ ሥራ የለም፣ ሲም ካርድ በስም ማውጣት የለም፣ የሚደራጁበት ማኅበርም የለም።

ብዙዎቹ ወጣቶች በየቀኑ ውጭ አያድሩም። የቀን ሥራ የቀናው ቀን፣ በአንድ ሌሊት ሒሳብ ወለል የሚያከራዩ ቤቶች ውስጥ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ሰው ጋር ተጠጋግቶ ይተኛል። ያልቀናው ቀን በረንዳ። ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ሲመጣ ቤት የሌለው መሆኑን አታውቁም። ሕንፃ ላይ ብሎኬት የሚያቀብል፣ ታክሲ ላይ ወያላ የሆነ፣ ምናልባት ትናንት ዕቃችሁን የተሸከመላችሁ ልጅ ሊሆን ይችላል።

የተሞከረው

በጣም የተለመደው አፈሳ ነው። ከተማ ውስጥ ትልቅ ስብሰባ ወይም በዓል ሲደርስ ልጆቹ በመኪና ተጭነው ይወሰዳሉ። ወይ ከከተማ ውጭ ይራገፋሉ፣ ወይ ማቆያ ይገባሉ፣ ወይ ወደ አገራቸው ይላካሉ። ከሳምንታት በኋላ ተመልሰው የምናያቸው ለምንድን ነው? ያስወጣቸው ነገር እዚያው ስላለ ነው። የእንጀራ አባቱ አልተቀየረም። መሬቱ አልሰፋም። ከዚህም በላይ አፈሳ ልጁን አንድ ነገር ያስተምረዋል፤ ደንብ ልብስ ካየህ ሩጥ። በኋላ ሊረዳው የሚመጣ ሰው ቢመጣም ይሮጣል። ቀደም ሲል የጠቀስኩት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ ሰነድ፣ ቁጥር 21፣ ልጆችን እያፈሱ ማንሳትን ይቃወማል። ልጁን እንደ ጥፋተኛ አታሳዱት፣ ግን ደግሞ ሐሳቡን ሳትጠይቁ እንደ ዕቃ አታንሱት ነው የሚለው።

ከቤተሰብ ማቀላቀል ይሠራል። በጥድፊያ ሲደረግ ግን አይሠራም። በደንብ የሚሠሩት ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ልጁ ወዶ ወደ ማቆያው ይመጣል፤ ይታጠባል፣ ይታከማል፣ ይተኛል። ሳምንታት ያልፋሉ። መጀመሪያ የነገራቸው ስም ብዙ ጊዜ የውሸት ነው፤ ሲያምናቸው እውነተኛውን ይናገራል። ከዚያ ሠራተኛዋ ብቻዋን ወደ ቀዬው ትሄዳለች። እናቱን ታገኛለች፣ ለምን እንደወጣ ትሰማለች። አስታራቂ ሽማግሌ ይጠራል። ልጁ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ አብራው ሄዳ ታስረክባለች። ባዶ እጁንም አይሄድም። ደብተርና ልብስ ይገዛለታል፤ ለቤተሰቡ በግ ወይም ለትንሽ ንግድ የሚሆን ገንዘብ ይሰጣል። ከዚያም ወራትን እየቆጠረች ስልክ ትደውላለች። ገንዘብና ትዕግሥት ይጠይቃል። በአንድ ሌሊት አፈሳ የሚገኝ ውጤት አይደለም።

ሌሎችም ጅምሮች አሉ። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተሞች ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለከተማ ድሆች ሥራና የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጠው ፕሮግራም፣ ጎዳና ላይ ያሉ ሰዎችን የሚያነሳና የሚያቋቁም ክፍል ነበረው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው ምገባ ለእኔ ከሁሉም በላይ ነው። ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ የሚበላ ልጅ ቤት ራት ባይኖርም ነገ ወደዚያው ይመለሳል። ለአገሪቱ ገጠር ሁሉ ቢዳረስ ኖሮ ብዙ ልጅ አውቶቡስ ባልተሳፈረ ነበር። በሌላ በኩል፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላዩን ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠሩ አግዶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪተካ ድረስ አሥር ዓመት ሄደ። በዚያ ጊዜ ምግብ መስጠት ይቻላል፤ ስለ ልጁ መብት መሟገት ግን ለብዙዎቹ አይቻልም ነበር።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ወላጅ ለሌላቸውም መንግሥት የተለየ ጥበቃ እንዲያደርግና በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን መንገድ እንዲያመቻች ያዛል። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ ተከልክሏል። እንግዲህ የአገር ውስጥ ቤተሰብ ነው የቀረው። ልጅን በአደራ መቀበል፣ ጉዲፈቻ ማድረግ ከእኛ ባህል የወጣ ነገር አይደለም። እንዲህ ሲሆን የዶክተር አበበች ጎበናን ሕይወት አስባለሁ። ገና በልጅነታቸው ሲዳሩ ጠፍተው ነው አዲስ አበባ የገቡት። እሳቸውም አንድ ቀን ከቤት የጠፋች ልጅ ነበሩ። ካደጉ በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980፣ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሲሄዱ ወሎ ረሃብ ላይ ነበር። ከዚያ ልጅ ይዘው ተመለሱ። በዓመቱ ቤታቸው ውስጥ 21 ልጆች ነበሩ። እሳቸው ያቋቋሙት ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም እስከተለዩ ድረስ ብዙ ሺህ ልጆችን ረድቷል።

አዲስ የመጣ ልጅ ካያችሁ

ሁላችንም ዶክተር አበበች አንሆንም። አንድ ነገር ግን ማድረግ እንችላለን፤ አዲሱን ልጅ መለየት። ልብሱ ገና ንጹሕ ነው። የተማሪ ሹራብ ሊለብስ ይችላል። ፌስታል ወይም ትንሽ ጥቅልል ይይዛል፤ አይለቀውም። ከመኪና መናኸሪያ አይርቅም። ሲመሽ ሲመሽ ዓይኑ ይቅበዘበዛል። መንገድ ይጠይቃል።

ስሙን ጠይቁት። ከዚያ የትምህርት ቤቱን ስም። የመንደሩን ስም ሊደብቅ ይችላል፤ የአስተማሪውን ስም ግን ይነግራችኋል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ስልክ የሚያውቅ ካለ ጠይቁት፤ አጎት፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ መስጊድ ያለ ሰው። የሚበላ ግዙለት፣ አብራችሁትም ተቀመጡ። ብቻችሁን ቤታችሁ አትውሰዱት፤ ለእሱም ለእናንተም አይበጅም። በቅርብ ያለ ፖሊስ ጣቢያ የሕፃናትና ሴቶች ክፍል አለ፤ ወረዳውም የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አለው። አብራችሁ ሂዱ፤ የተቀበለውን ሰው ስምና ስልክ ያዙ፤ በነጋታው ደውሉ። ፎቶውን አንስታችሁ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። ፊቱን የሚያየው እናቱ ብቻ አይደለችም። ደላላም ያየዋል። ከአሥር ዓመት በኋላም እሱ ራሱ ያየዋል።

ሳንቲም መስጠትስ? ሰዎች ሁሌ ይጠይቁኛል። ለቆየው ልጅ ብር ብትሰጡት ለትልቁ ልጅ ሊሄድ ይችላል። ምግብ ይሻላል። ከምግቡም ጋር ስሙን ጠይቃችሁ በሌላ ቀን በስሙ ብትጠሩት የበለጠ ይሻላል።

ባለፈው ዓመት እዚያው አውቶቡስ ተራ አጠገብ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት አገኘሁ። ልጆቹ እትዬ ይሏቸዋል። ረከቦታቸው ሥር አንዲት የተጠቀለለች ደብተር አለች፤ ስልክ ቁጥሮች ብቻ ናቸው ያሉባት። አንድ ልጅ መጥቶ አጠገባቸው እንደተቀመጠ ነገሩኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አፉን አልከፈተም። በሦስተኛው ቀን የአስተማሪውን ስም ተናገረ። ደወሉ፣ አስደወሉ፣ የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት አገኙ። ልጁን ለሴቶችና ሕፃናት ሠራተኛዋ አስመዘገቡት፤ ቀን ቀን ግን ይዛው እየመጣች ከሳቸው ጋር ቡና ያፈላ ነበር።

አባቱ በአምስተኛው ቀን መጣ። ጃንጥላ ይዞ፣ አቧራ እንደለበሰ። ልጁ ከሩቅ ሲያየው ከእትዬ ቀሚስ ኋላ ገባ። አባትየው አልተቆጣም። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ቡና ቀረበለት። ሁለት ሲኒ ጠጣ። ልጁን ቀና ብሎ ሳያየው፣ ለሲኒው የሚነግር ይመስል፣

«ላሟ ወለደች» አለ።

ልጁ ከኋላ አንገቱን አወጣ።

«ወንድ ነው ሴት?»